ስንቁን ከላይ አድርጉት



በዚህ ወር የምናነሣው ርእስ ከጓዳ ይጀምራል፣ ድንበር ይሻገራል፣ መጨረሻውም ከአማና ጋር ይገናኛል። ልጅ ባሕር ማዶ ያላችሁ ወላጆች፣ እንዲሁም ለትምህርት፣ ለሥራ ወይም ለሐጅ ለመጓዝ የምትሰናዱ ሁሉ ልብ ብላችሁ እንድታነቡት እንጋብዛለን።

እንጅባራ ውስጥ አንድ ቤተሰብ መንገደኛ ሊሸኝ ሲነሣ ዝግጅቱ የሚጀመረው ከጓዳ ነው። በርበሬው ይደለዛል፣ ሽሮው ይፈጫል፣ በሶው ይሰናዳል፣ ቅቤው ይነጠራል፣ ቋንጣው በገመድ ላይ ይሰቀላል፣ ማሩ በጀሪካን ይሞላል። ልጇ በሰው አገር ልትወልድ የተቃረበች እናት ደግሞ የገንፎ እህሉን፣ የአጥሚቱን ዱቄት፣ ጥቁር አዝሙዱንና ጤና አዳሙን ትጨምርበታለች። ጎረቤትም «ይህችን ለልጄ አድርሱልኝ» እያለ ፌስታሉን ይዞ ከች ይላል። መንገደኛው በባሕር ዳር አድርጎ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ከቦሌ ተነሥቶ ዋሽንግተን፣ ለንደን ወይም ሜልቦርን ሲደርስ በቅጽም ይሁን በቃል አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ ምግብ፣ የዕፅዋት ወይም የእንስሳት ውጤት ይዘሃል ወይ?

በዚህ ጊዜ «የለም» የሚለው ሰው ብዙ ነው። አንዳንዱ ጥያቄው በደንብ ስላልገባው ነው። አንዳንዱ «ምግብ» ሲባል የበሰለ ወጥ ብቻ ይመስለዋል። ሌላው ደግሞ የእናቱ ድካም ቅርጫት ውስጥ ሲጣል ማየት አንጀቱ አልችል ስላለው ይደብቃል። እኛ ግን የምንለው ይህን ነው፦ የያዙትን የምግብ ስንቅ በግልጽ መናገር ቢበዛ ዕቃውን ያስጥላል፤ መደበቅ ግን ገንዘብን ያስከፍላል፣ ክብርን ያሳጣል፣ አልፎም የማናውቀውን ሰው እንጀራ ሊያሳጣው ይችላል።

ለምን ይጠይቁናል?

ብዙ ወገኖቻችን ይህን ጥያቄ ቀረጥ ለመሰብሰብ ወይም የአገራችንን ምግብ ለመናቅ የሚቀርብ አድርገው ይወስዱታል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። ምክንያቱን ለማወቅም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ አዲስ ቅዳም ላይ ወርዶ የፋግታ ለኮማን ገበሬ መጠየቅ ይበቃል።

የዚያ አካባቢ ገበሬ ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክሎ ኑሮውን ሲያሻሽል ቆይቷል። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ ይዘራል፤ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስለዋል፤ ከዚያም መሬቱን እንደገና ያርሳል። በከሰሉ ገንዘብ ቤት ተሠርቷል፣ ልጅ ተምሯል። ባለፉት ዓመታት ግን በዲከረንሱ ላይ ዋግ ወረደበት። ቅጠሉ ቡናማ ሆነ፣ ዛፉ ቆሞ ደረቀ፣ ብዙ ቤተሰብም ተስፋ ካደረገበት ገቢ ተለያየ። ዛፉ የአውስትራሊያ ተወላጅ ነው፤ ዋጉን የሚያመጣው ፈንገስም የዚያው አገር ዘር ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. በደቡብ አፍሪካ በዚሁ የዛፍ ወገን ላይ ተመሳሳይ ጉዳት አድርሷል። የዋግ ዘር እንደ አቧራ የላመ ነው፤ በነፋስ ይጓዛል፣ በልብስና በጫማ ላይ ያርፋል፣ ከተክል ጋር ተጣብቆ ባሕር ይሻገራል። ነፋስን የሚፈትሽ ጉምሩክ የለም፤ ሻንጣን ግን መፈተሽ ይቻላል። የፍተሻው ምክንያት ይኸው ነው።

ጣናን የወረረውን እምቦጭንም እናስብ። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። በዓለም ዙሪያ ያሰራጩት በአብዛኛው በአበባው ውበት ተማርከው ለጌጥ የወሰዱት ሰዎች ናቸው። በ2011 እ.ኤ.አ. በጣና ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ ግን ለዓሣ አጥማጁም ለገበሬውም መከራ ሆኗል። በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን የገባው፣ በቆሎን የሚያወድመው መጤ ተምችም ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን አያቶቻችን «ክፉ ቀን» ያሉት ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ለጣሊያን ጦር ከህንድ በምጽዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር የከብት እልቂት በሽታ አብሮ ገባ። ከአገሪቱ ከብት አብዛኛው፣ በብዙዎች ግምት ከአሥር ዘጠኙ አለቀ። በሬ ሲጠፋ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም ረኃብ ገባ፤ እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስም ስንቱን ቤት ባዶ አደረገ። ያ በሽታ ከምድረ ገጽ መጥፋቱ በይፋ የታወጀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ጥቂት የታመሙ ከብቶች ያስገቡትን በሽታ ለማጥፋት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው።

ጉዳቱ ከውጭ ወደ እኛ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ ከእኛም ወገን ይሻገራል። በ2000 እ.ኤ.አ. የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት የተባለው የእንስሳትና የሰው በሽታ ከአፍሪካ ወጥቶ በሳዑዲ ዐረቢያና በየመን ተቀሰቀሰ፤ ሰውም ሞተ። ሳዑዲ ዐረቢያ ከአፍሪካ ቀንድ የቁም እንስሳት እንዳይገቡ ከለከለች፤ በበርበራ ወደብ በኩል ይላክ የነበረው በግና ፍየልም እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ድረስ ታግዶ ቆየ። ለሐጅ ወቅት ዕርድ ከብቱን ሸጦ የዓመት ቀለቡን ይሸምት የነበረው አርብቶ አደር፣ የእኛው የሶማሌ ክልል ወገን ጭምር፣ ያን ሁሉ ዓመት ገበያው ተዘጋበት። ስለዚህ ድንበር ላይ የሚቆመው ፈታሽ የሚጠብቀው የሀብታም አገርን በር ብቻ አይደለም።

ሃይማኖታችን ምን ያስተምረናል?

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የታመሙ ግመሎች ያሉት ሰው ጤነኞቹ ወዳሉበት እንዳይነዳቸው አስተምረዋል። ወረርሽኝ ከገባበት አገር መግባትንም፣ ከዚያ ሸሽቶ መውጣትንም ከልክለዋል። ሁለተኛው ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለው ስፍራ ደርሰው የወረርሽኙን ወሬ በሰሙ ጊዜ፣ ከሰሐቦች ጋር ተማክረው ለመመለስ ወሰኑ። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍም (ረ.ዐ.) ይህንኑ የሚያጸና ቃል ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስማታቸውን ነገሯቸው። እንግዲህ ዛሬ ኳራንታይን የምንለው ነገር ለሙስሊም እንግዳ ትምህርት አይደለም።

ሌላም አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አገቡ፤ ውስጡ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ነጋዴው ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ ማታለልንም አጥብቀው አወገዙ። ልብ እንበል፤ የተወቀሰው እህሉ ስለረጠበ አይደለም፤ ዝናብ የአላህ ሥራ ነው። የተወቀሰው እርጥቡን ከታች፣ ደረቁን ከላይ አድርጎ ስለደበቀ ነው። በሻንጣችን ሥር ቋንጣ ሸሽገን ከላይ ልብስ የምናነጥፍ ሰዎች ይህን ታሪክ ብናስታውስ መልካም ነው።

«የካፊር አገር ሕግ ነው፣ ቢያታልሉት ምን አለበት?» የሚል ሰው አልፎ አልፎ ይሰማል። ይህ ስሕተት ነው። ቪዛ ወስዶ የገባ ሰው በዚያ ቪዛ ቃል ገብቷል፤ ቃልን መጠበቅ ደግሞ ከሙስሊምም ከሙስሊም ካልሆነም ጋር ግዴታችን ነው።

በሩ ላይ ምን ይሆናል?

አሜሪካ የሚገባ መንገደኛ ማናቸውንም ምግብ፣ ተክል፣ ዘር፣ ሥጋና የእንስሳት ውጤት እንዲያሳውቅ ይገደዳል። «ከእርሻ ቦታ ነበርክ? ከከብት ጋር ተነካክተሃል?» የሚል ጥያቄም አለ። ከእንጅባራ ገጠር የሄደ ሰው መልሱ «አዎ» ነው፤ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ምናልባት ጫማው ይታይና በመድኃኒት ይታጠብለት ይሆናል። ያሳወቀው ምግብ የተከለከለ ሆኖ ከተገኘ ይወሰድበታል፤ ስላሳወቀም አይቀጣም። ሳያሳውቅ የተያዘ ግን ለመጀመሪያ ጊዜና ለራሱ መጠቀሚያ ያመጣው ቢሆንም እስከ 1,000 ዶላር ሊቀጣ ይችላል። ሰው ባያይ ውሻ ያሸታል፤ ቢግል የተባሉት ትንንሽ ውሾች ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ አየር ማረፊያዎች ሻንጣ እያሸተቱ ምግብ ይጠቁማሉ።

የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከእኛ አገር የሚሄድ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዲገባ አይፈቅዱም። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ትኩስ ፍራፍሬ የጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ከዚህ ነፃ የሆኑት አናናስ፣ ኮኮናት፣ ሙዝ፣ ዱሪያንና ተምር ናቸው። ለረመዳን ተምር ለሚይዝ ሰው ይህ ደስ የሚል ዜና ነው።

አውስትራሊያ ከሁሉም ትጠብቃለች። የመግቢያው ቅጽ ላይ የሚሰጠው መልስ እንደ ሕጋዊ ቃል ይቆጠራል። ምግብ ደብቆ የተገኘ ጎብኚ ከገንዘብ ቅጣቱ ሌላ ቪዛው ተሰርዞ ከአየር ማረፊያ ሊመለስ ይችላል፤ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተግባር የታየ ነው። ኒውዚላንድም መንገደኛ ማር ይዞ እንዲገባ አትፈቅድም።

ስንቃችንን አንድ በአንድ እንመልከት

ቋንጣ፦ በቢስሚላህ የታረደ ሥጋ ሐላል ነው፤ የድንበሩ ሐኪም የሚጠይቀው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። የከብት የአፍና የእግር በሽታ በአገራችን አለ፤ ተሕዋሱም ሥጋው ስለደረቀ ወይም ጨውና በርበሬ ስለበዛበት ብቻ አይሞትም። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ በር ላይ ቋንጣ ስለማያልፍ እቤት መተው ይሻላል።

ቅቤና አይብ፦ አውሮፓ አይገባም። በሌሎች አገሮች ደንቡ እንደ አሠራሩና እንደ አገሩ ይለያያል። መንገደኛው ያሳውቅ፤ ውሳኔውን ለፈታሹ ይተው።

ማር፦ የአዊ ማር የታወቀ ነው፤ ግን የንብ በሽታ በማርና በሰም ይተላለፋል። በተለይ ሰፈፉ ያልወጣለት ማር ችግር ያመጣል።

በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ፦ የተፈጨና የተቆላ ነገር ከጥሬ እህል ይልቅ በቀላሉ ያልፋል። ነቀዝ ያለበት እህል ግን ፈጭተውትም ቢሆን አይያዝ። ንጹሕ ሆኖ በደንብ ታሽጎ፣ ምንነቱ በእንግሊዝኛ ከላዩ ቢጻፍበት ፈታሹም መንገደኛውም አይቸገሩም።

ቡና፦ የተቆላ ቡና ወደ አሜሪካ ይገባል። ጥሬ ቡናም ይገባል፤ ቡና የሚበቅልባቸው ሃዋይና ፖርቶ ሪኮ ግን የራሳቸውን ተክል ከበሽታ ለመጠበቅ ይከለክሉታል። ከአገራችን ስለሚወጣው መጠን ደግሞ ከበረራው በፊት ጉምሩክን ወይም አየር መንገዱን መጠየቅ ይገባል።

ዘርና ችግኝ፦ እርጥብ ጤና አዳም፣ ከነአፈሩ የተነቀለ ተክል፣ ለጓሮ የሚዘራ የጎመን ፍሬ ያለ ዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት አይሻገርም። ይህን ወረቀት በአገራችን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። አፈርማ በምንም መንገድ አይያዝ።

አጎዛ፣ ጭራ፣ የቀንድ ዋንጫ፦ እነዚህ ምግብ ስላልሆኑ ብዙ ሰው ይዘነጋቸዋል፤ የእንስሳት ውጤቶች ስለሆኑ ግን መታወቅ አለባቸው። በፋብሪካ በደንብ የለፋ ቆዳ ብዙ ጊዜ ያልፋል። በቤት የደረቀ የመስገጃ አጎዛ ግን ሊወሰድ ይችላል፤ ስጋጃ ይዞ መሄድ ይቀላል።

ጫት፦ ይህ ከላይ ካልነው ሁሉ የተለየ ነው። በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በሳዑዲ ዐረቢያ፣ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በእንግሊዝ በአደንዛዥ ዕፅ ሕግ የተከለከለ ስለሆነ «አሳውቄያለሁ» ማለት ከወንጀል አያድንም። በምንም ምክንያት አይያዝ።

የሰው ፌስታል

አደራ ተቀብሎ ማድረስ የሙስሊም ወግ ነው። ይሁን እንጂ ሻንጣው በስማችሁ ነው የተመዘገበው፤ በውስጡ ለሚገኘው ሁሉ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ። «የጎረቤቴ ነው፣ አላውቅም» የሚል መልስ አየር ማረፊያ ላይ አይሠራም። የበርበሬ ከረጢት ውስጥ ሌላ ነገር ተሸጉጦ የተገኘበት ሰው በማያውቀው አገር እስር ቤት ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ አደራ ሰጪው ፊት ፈትታችሁ እዩ። «አላመናችሁኝም» ብሎ ቅር የሚለው ካለ፣ ማየት ያለማመን ሳይሆን አማናን አውቆ መሸከም መሆኑን በትሕትና አስረዱት። አልፈትሽም ካለ አትቀበሉ። ወጣቶች ሆይ፣ በተለይ በደላላ በኩል ለማታውቁት ሰው ዕቃ እንድታደርሱ ስትጠየቁ ይህን አትርሱ።

ስንመለስስ?

ከውጭ የሚመለሰው ሰውም የአገሩን በር ሊያከብር ይገባዋል። አገራችን በ1992 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የዕፅዋት ኳራንታይን ደንብ ተክልና ዘር ያለ ፈቃድና ያለ ምርመራ እንዳይገባ ያዛል። አንድ ወንድም ለአባቱ ብሎ የተሻለ የድንች ዘር ከውጭ በኪሱ ቢያመጣ በጎ ያደረገ ይመስለዋል። ነገር ግን አዊ የድንች አገር ነው። ድንችን የሚያጠወልገው በሽታ፣ ለዓይን ጤነኛ በሚመስል የዘር ድንች ውስጥ ተሸሽጎ መሬት ይገባል፤ ከገባ ወዲያም በቀላሉ አይወጣም። አየርላንድ ከ1845 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከባሕር ማዶ በመጣ የድንች ዋግ ምክንያት አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረኃብና በበሽታ አጥታለች።

ሑጃጆቻችንም ተምርና ዘምዘም ይዘው ሲመለሱ ቤተሰብ ይደሰታል። ዘምዘሙን በደንቡ መሠረት በታሸገው የ5 ሊትር ዕቃ መያዝ ይበጃል። ጥሬ የግመል ወተት መጠጣትም ሆነ ይዞ መምጣት ግን መቅረት አለበት፤ በ2012 እ.ኤ.አ. በሳዑዲ ዐረቢያ የታወቀው መርስ የተባለ የሳንባ በሽታ ከግመል ወደ ሰው ይተላለፋልና።

ከጉዞ በፊት

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ሻንጣ በመጨረሻዋ ሌሊት አይታሰርም። ስለዚህ፦

1. ከሳምንት በፊት የምትሄዱበት አገር የሚከለክለውን ዘመድ ሳይሆን ኤምባሲውን ወይም አየር መንገዱን ጠይቁ፤ ደንብ ይለዋወጣል።

2. በሻንጣው ውስጥ ያለውን ምግብ ሁሉ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጻፉ። እንግሊዝኛ የማያውቁ እናቶችና አባቶች ወረቀቱን ከፓስፖርታቸው ጋር ይያዙ፤ ለፈታሹ ማሳየት ብቻ ይበቃቸዋል።

3. ስንቁን በአንድ ሻንጣ፣ ከላይ አድርጉት። ሲጠየቁ ቶሎ ከፍቶ ማሳየት ይቻላል።

4. ጫማችሁን ከጭቃ አጽዱ።

5. ስትጠራጠሩ «አዎ፣ ይዣለሁ» በሉ። ማሳወቅ (ብዙዎቻችን «ዲክሌር ማድረግ» የምንለው) የጥፋት ቃል አይደለም፤ ጥያቄውን በእውነት መመለስ ነው።

6. ዕቃው ከተወሰደ አትከራከሩ። ላኪዋን እናትም አስቀድማችሁ አዘጋጇት፤ «ባይደርስም ፍቅርሽ ደርሷል» በሏት።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችን ከእኛ የሚማሩት የምንነግራቸውን ብቻ አይደለም። የስምንት ዓመት ልጅ ሻንጣው ውስጥ ቋንጣ ሲገባ አይቶ፣ አባቱ በፈታሹ ፊት «የለም» ሲል ከሰማ፣ ስለ ሐቀኝነት የሰጠነው ትምህርት ሁሉ እዚያች ቦታ ላይ ይፈርሳል። «አዎ፣ ይኸው» ሲል ከሰማው ግን፣ አንድ ኪሎ ቋንጣ ቢጣልም ልጁ የሚይዘው ስንቅ ዕድሜ ልኩን አያልቅበትም።

አላህ (ሱ.ወ.) መንገደኞቻችንን በሰላም ያድርስልን፤ እርሻችንንና ከብታችንን ከበሽታ ይጠብቅልን።